ሞራ ያልሆነው ብዥታ

(በደብረ ማርቆስ ከተማ ለመምህራን፣ ለጡረተኞችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በአንድ የዓይን ሐኪም የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

በእኛ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸው ሲደክም የምርመራው ውጤት የሚነገረው ገና ሐኪም ቤት ሳይደረስ ነው። ልጅ፣ ጎረቤት፣ የንስሐ አባት፣ ሁሉም በአንድ ቃል ይስማማሉ፤ «ሞራ ነው» ይላሉ። ፍርዱ መሠረት የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ከነበረው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ቀሪው ግማሽ ነው። ሞራ ይታገሣል። ዘንድሮ ባይገፈፍ ለከርሞ ይገፈፋል፤ የቀዶ ሕክምና ዘመቻ እስኪመጣ ቢጠበቅም አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን ይመለሳል። ዛሬ የምነግራችሁ በሽታ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። አንድ ሰው ማታ ደኅና ተኝቶ ጠዋት በአንድ ዓይኑ ብዥ ብሎበት ይነሣል። አያመውም፣ አያሳክከውም፣ ዓይኑም አይቀላም። እሱም እንደ ሌላው «ሞራ ነው» ይልና ይቀመጣል።

በሽታው የሬቲና ደም መልስ መዘጋት ይባላል። ማየትን የሚያደበዝዘው ደግሞ መዘጋቱ የሚያስከትለው የማኩላ እብጠት ነው። እብጠት ስል ከውጭ የሚታይ እንዳይመስላችሁ። የዓይን ቆብ አያብጥም፤ እንባም አይወርድም። ያበጠው ከዓይን ጀርባ፣ ያለ መሣሪያ ማንም ሊያየው በማይችለው ቦታ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ልጀምር።

ከዓይን ውስጥ፣ በኋላው ግድግዳ ላይ፣ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን ተለጥፎ ይገኛል። ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃንን ተቀብለው መልእክቱን ወደ አንጎል የሚልኩት ሕዋሳት ያሉት እዚያ ነው። ከሬቲናው መካከል ማኩላ የምንለው ቦታ አለ፤ ስፋቱ አምስት ሚሊ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው፤ እምብርቱ ደግሞ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው። ፊደል የምንለየው፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ የምናስገባው፣ የመጣው ሰው ማን እንደሆነ ከፊቱ የምናውቀው በዚያች ጠባብ ቦታ ነው። የቀረው ሬቲና ሄደን እንዳንደናቀፍ ያግዘናል፤ ማንበብ ግን አይሆንለትም።

ሬቲናን የሚመግበው ደም በአንድ ደም ቅዳ ይገባል፣ በአንድ ደም መልስ ይወጣል። ሁለቱም የሚያልፉት በዓይን ነርቭ መሃል ነው። ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ጆሮና ወደ አፍንጫ በኩል ይከፋፈላሉ፤ ቅርንጫፎቻቸውም በየቦታው አንዱ በሌላው ላይ ይሻገራሉ። መሻገሪያዎቹ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ መዘዙ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ደም ቅዳውና ደም መልሱ በሚሻገሩበት ቦታ በአንድ የጋራ ሽፋን ተጠቅልለዋል። ብዙውን ጊዜ ደም ቅዳው ከላይ፣ ደም መልሱ ከሥር ነው። ሰውየው ወጣት ሳለ ደም ቅዳው ለስላሳ ስለሆነ ሁለቱ ተቻችለው ይኖራሉ። የደም ግፊት ለዓመታት ሲመታው ግን የደም ቅዳው ግድግዳ ይወፍራል፣ ይደነድናል። ሽፋኑ አንድ፣ ቦታውም ጠባብ በመሆኑ የደነደነው ደም ቅዳ ግድግዳው የሳሳውን ደም መልስ ይጫነዋል። ደሙ በተጨቆነው ቦታ ሲያልፍ ይናወጣል፤ መናወጡ የሥሩን የውስጥ ገጽ ይጎዳል፤ በተጎዳው ገጽ ላይ ደም ይረጋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ባለቤቱ ምንም አይሰማውም። አንድ ቀን መተላለፊያው ይዘጋል።

እስካሁን የነገርኳችሁ የቅርንጫፉን መዘጋት ነው። ዋናው ደም መልስም ይዘጋል፤ እሱ የሚዘጋው ከዓይን ሊወጣ ሲል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ጠንካራ ሽፋን ውስጥ በሚያልፍበት ቦታ አካባቢ ነው። የቅርንጫፉ ከሬቲናው አንዱን ክፍል ይጎዳል፤ የዋናው ሁሉንም። ሐኪሞች ይህን በሕይወት ባለ ሰው ዓይን ውስጥ ማየት የቻሉት ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 የዓይን ውስጥ መመልከቻውን ካስተዋወቀ በኋላ ነው። በ1878 ሌላው ጀርመናዊ ዩሊየስ ፎን ሚሼል በዋናው ደም መልስ ውስጥ ደም ሲረጋ ምን እንደሚከተል ጻፈ። ስለዚህ በሽታው አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ሕክምና መገኘቱ ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

መውጫው ሲዘጋ ምን ይሆናል? መራዊ ሄዶ የቆጋን መስኖ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ማሳ ውኃ የሚያስገባ ቦይ ብቻ አይበቃውም፤ ትርፉን የሚያስወጣም ያስፈልገዋል። ማስወጫው ቢደፈንና ከላይ ውኃው መምጣቱን ባያቋርጥ፣ ውኃው ቦዩን ሞልቶ ዳሩን ያልፍና ማሳው ይጨቀያል። ሬቲናም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ልብ መግፋቷን አላቆመችም፤ ደም ቅዳውም ማስገባቱን አላቆመም። ከተዘጋው ቦታ በስተጀርባ ያለው ደም መልስ ያብጣል፣ ይጠማዘዛል። ግፊቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ዓይን ወደማያያቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ይደርሳል። እነሱ ደግሞ ያን ያህል ግፊት አይችሉም፤ ገሚሶቹ ይፈነዱና ደም ያፈሳሉ፤ ገሚሶቹ የደሙን ውኃማ ክፍልና ቅባቱን ያንጠባጥባሉ።

የቦዩ ምሳሌ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከዚህ በኋላ ሬቲናው ራሱ በጉዳዩ ይገባበታል። ደም በደንብ የማይዘዋወርበት ሕዋስ ኦክስጅን ያጥረዋል። ኦክስጅን ያጠረው ሕዋስ ዝም ብሎ አይሞትም፤ ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን እየረጨ የእርዳታ ጥሪ ያሰማል። የዚህ ፕሮቲን ታሪክ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1983 ቦስተን ውስጥ የሃሮልድ ድቮራክ ቡድን ከዕጢ የሚወጣና የደም ሥርን የሚያስፈስስ ነገር አገኘ። በ1989 ናፖሊዮኔ ፌራራና ባልደረቦቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ አዲስ የደም ሥር የሚያበቅል ፕሮቲን ለዩ። ኋላ ሲጣራ ሁለቱ አንድ ሆነው ተገኙ። ሬቲና ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳትም በእነዚህ በሁለቱ ጠባዮቹ በኩል ነው፤ መጀመሪያ የደም ሥሮችን ግድግዳ ያላላና ፈሳሽ ያስወጣል፤ እጥረቱ ከከፋ ደግሞ ቦታቸው ባልሆነ ስፍራ አዳዲስ የደም ሥሮችን ያበቅላል። ለእርዳታ የተጠራው ነገር ጎርፉን ያባብሰዋል ማለት ነው።

ፈሳሹ ማኩላ ላይ የሚጠራቀምበት ምክንያት አለው። በማኩላው ያሉት የነርቭ ክሮች ከእምብርቱ ወደ ዳር ተጋድመው የተዘረጉ በመሆናቸው በመካከላቸው ፈሳሽ የሚያቁር ክፍተት ይኖራል። በእምብርቱ ላይ ደግሞ ፈሳሹን መጥጠው የሚመልሱ የደም ሥሮች የሉም። የገባው እዚያው ይቆያል፣ ኪስ ኪስ ይሠራል። ሩብ ሚሊ ሜትር የነበረው ውፍረት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ብርሃን ተቀባዮቹ ሕዋሳት ከተደረደሩበት ቦታ ይፈናቀላሉ፤ ቀጥ ያለው ይጎብጣል፣ የሰው ፊት መሃሉ ይጠፋል። ፈሳሹ ቶሎ ከሄደ ሕዋሳቱ ወደ ቦታቸው ሊመለሱ ይችላሉ። ለወራት ከተዘፈዘፉበት ግን ይሞታሉ፤ የሞቱት አይተኩም። ከዚያ በኋላ እብጠቱን ብናደርቀውም የደረቀው ሬቲና አያይም።

አንድ የቅኔ መምህርን ላንሣ፤ ስማቸውም ደብራቸውም ይቅር። ኅዳር ላይ ነው የመጡት።

«የኔታ፣ ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«ዳዊት ስደግም ከሥር ያለው መሥመር ይጎብጥብኛል። በቀኙ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፍልሰታ ጀምሮ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ቆዩ?»

«አላመመኝም እኮ፣ ልጄ! በግራው አያለሁ። ደቀ መዛሙርቱም ሞራ ነው አሉኝ፤ ዘመቻው ሲመጣ እገፈፋለሁ ብዬ ነው።»

ሞራ እንደሌለባቸው በአንድ ደቂቃ ታየ፤ ሌንሳቸው ለዕድሜያቸው ጥሩ ነበር። ብሌናቸውን በጠብታ አስፍቼ ወደ ውስጥ ስመለከት ከዓይን ነርቩ ተነሥቶ ወደ ላይና ወደ ጆሮ በኩል የሚሄደው ደም መልስ ወፍሮ ተጠማዟል። በዚያ ክፍል ብቻ ደሙ በነበልባል ቅርጽ ተረጭቷል፤ በመካከሉ ደብዘዝ ያሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ። የተረጨው ደም ሽብልቅ ሠርቷል፤ የሽብልቁ ጫፍ ተከትለውት ቢሄዱ ልክ መሻገሪያው ላይ ያርፋል። ደም ቅዳው እዚያ ላይ ነጣ ብሎ፣ ደንድኖ፣ ደም መልሱን ተጭኖታል። ከተጎዳው ክፍል ውጭ ያለው ሬቲና ንጹሕ ነው። የላይኛው ክፍል ተጎድቶ የታችኛው መሥመር የጎበጠባቸው ምስል ሬቲና ላይ ተገልብጦ ስለሚያርፍ ነው። ይህን ስነግራቸው ተገረሙ፤ ቅኔ የሚያስተምር ሰው ሰምና ወርቅ ተገላብጦ ሲመጣ መቼም ደስ ይለዋል።

ኦሲቲ የሚባል መሣሪያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሳይንሱ ዓለም የተዋወቀ ነው። ዓይን ሳይነካ በብርሃን ብቻ የሬቲናን ንብርብር ከጎን ያሳያል። በጤናማ ሰው የማኩላው እምብርት ጎድጎድ ብሎ ይታያል። በየኔታ ሥዕል ላይ ጎድጓዳው የለም፤ ቦታው ጉብ ብሏል፤ በውስጡም ጥቁር ጥቁር የፈሳሽ ኪሶች ተደርድረዋል። የደም ግፊታቸውን ስንለካ 180 በ110 ነበር። መድኃኒት ታዞላቸው እንደሆነ ጠየቅሁ። «አዎ፣ አለኝ፤ ራሴን ሲያመኝ እውጠዋለሁ» አሉኝ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የደም ግፊት ክኒን ራሱን ሲያመው ብቻ የሚውጥ ስንት ሰው አለ? እጅ አታውጡ፤ አውቃለሁ። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ራስ አያሳምምም። ራስ ምታትን የሚጠብቅ ሰው ደም ሥሩ ሲደነድን ሳያውቅ ይከርማል። ሽፈራው ቀቅሎ መጠጣቱንም፣ ነጭ ሽንኩርት ማላመጡንም፣ ፌጦውንም አልቃወምም፤ ክኒኑን የሚያስተው ከሆነ ግን እቃወማለሁ። ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው፣ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው፣ ወጡ ሲሠራ ደግሞ ሌላ ጨው የምንጨምር ሕዝብ ነን። ይህን ስል ባለቤቴ ትስቅብኛለች፤ ቤታችን ውስጥ ጨው የማበዛው እኔ ነኝና።

በሽታው በብዛት የሚይዘው ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈውን ነው። ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው የደም ግፊት ነው፤ ስኳር፣ የደም ቅባት መብዛትና ሲጋራም አሉበት። ለዋናው ደም መልስ መዘጋት ግላኮማም፣ ማለትም የዓይን ውስጥ ግፊት ከፍ ብሎ የዓይን ነርቭን የሚጎዳው በሽታም፣ ያጋልጣል። ወጣት ላይ ሲታይ የደም መርጋት ችግር መኖሩን እንመረምራለን። በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 28 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች እንዳለባቸው ተገምቷል።

ከጮቄ ሥር የመጣ ሰው «ብርዱና ከፍታው ደማችንን እያወፈረው ይሆን?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ደም ሲወፍር በእርግጥ በቀላሉ ይረጋል፤ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ደገኞች ደማቸው በቀይ ሕዋሳት እንደሚበዛ የታወቀ ነው። የኛ ደገኛ ግን የተለየ ሆኖ ተገኝቷል። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ሰዎች በቀይ ሕዋሳት ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን መጠናቸው ከዝቅተኛ ቦታ ነዋሪ ብዙም አይለይም። ስለዚህ ጮቄን ከመክሰሳችን በፊት ግፊታችንን እንለካ።

አሁን ወደ ሕክምናው። መጀመሪያ የማይደረገውን ልናገር። የተዘጋውን ደም መልስ የሚከፍት አስተማማኝ መድኃኒት የለንም። ሌሎች ዘዴዎች ተሞክረዋል፤ ቀዶ ሕክምናም ተሞክሯል፤ ዛሬ የምንመካበት አልሆነም። አስፕሪን ከጎረቤት ተውሶ መዋጥ የተዘጋውን አይከፍትም፤ ጨጓራ ሊያደማ ይችላል። ልብ ሐኪም ያዘዘለት ሰው ግን ዓይኔ ደማ ብሎ በራሱ ውሳኔ አያቁም፤ ሐኪሙን ይጠይቅ። ቅንድብ መበጣትም ከዓይን ጀርባ ካለው ደም ሥር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ቁስል ያተርፋል። የቅጠል ጭማቂ ዓይን ውስጥ መጨመር ደግሞ ደኅና የነበረውን የዓይን ፊት ያበላሻል። ጸበል ለሚሄዱት የምለው አንድ ነው፤ ተጠመቁ፤ ቀጠሯችሁንም አክብሩ።

ሐኪሞች በመጀመሪያ የያዙት ሌዘርን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ቅርንጫፉ ለተዘጋበት ሰው ሌዘር እንደሚጠቅም አሳየ፤ በኋላ በወጣ ሌላ ጥናት ግን ዋናው ለተዘጋበት እብጠቱን ቢቀንስም ማየቱን አልመለሰም። ከዚያ የስቴሮይድ መርፌ መጣ፤ ይሠራል፤ ነገር ግን ሞራ ያፋጥናል፣ የዓይን ግፊትም ይጨምራል። ትልቁ ለውጥ የመጣው ያንን ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን የሚያስር መድኃኒት ሲገኝ ነው። ቤቫሲዙማብ፣ በንግድ ስሙ አቫስቲን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለአንጀት ካንሰር ነበር። በ2005 ማያሚ ውስጥ ፊሊፕ ሮዘንፌልድና ባልደረቦቹ ጥቂት ጠብታ ወስደው ዋናው ደም መልስ የተዘጋበት ሰው ዓይን ውስጥ ወጉት፤ እብጠቱ ሟሸሸ። ዓይን የሚፈልገው መጠን እጅግ ትንሽ ስለሆነ ለአንድ የካንሰር ታማሚ የተዘጋጀው ብልቃጥ በንጽሕና ከተከፋፈለ ለብዙ ዓይኖች ይደርሳል። እኛን ለመሰለ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለዓይን ተብለው የተሠሩት ራኒቢዙማብና አፍሊበርሴፕት በጣም ውድ ናቸው፤ በ2017 የታተመ ትልቅ ጥናት ግን ዋናው ደም መልስ በተዘጋባቸው ሰዎች ላይ ርካሹ ቤቫሲዙማብ በስድስተኛው ወር ከአፍሊበርሴፕት እንዳላነሰ አሳይቷል።

«ዓይን ውስጥ መርፌ» ሲባል ሰው እንደሚሸሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ምን እንደምናደርግ በዝርዝር ልንገራችሁ። ዓይኑ በጠብታ ይደነዝዛል። ቀጥሎ ቡናማ የአዮዲን ጠብታ ይደረጋል፤ ከመርፌው ይልቅ የሚለበልበው እሱ ነው፤ ከኢንፌክሽን የሚጠብቀውም እሱ ስለሆነ አንተወውም። ቆቡ እንዳይከደን በትንሽ መያዣ ይያዛል። ከጥቁሩ ክብ ዳር አራት ሚሊ ሜትር ያህል ርቀን፣ ሌንስንም ሬቲናንም በማይነካ ቦታ፣ በጣም ቀጭን በሆነ መርፌ ከአንድ ሚሊ ሊትር ሃያኛ የሚሆን መድኃኒት እናስገባለን። ለማስረዳት የፈጀብኝን ያህል ጊዜ አይወስድም። ከባዱ አደጋ የዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ነው፤ ንጽሕናው ከተጠበቀ ከሺህ መርፌ አንድ አይሞላም። በቀጣዮቹ ቀናት ዓይኑ ካመመ፣ ከቀላና ማየት ከቀነሰ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን መመለስ ነው።

አሁን የቸኮልኩበትን ምክንያት በቁጥር ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ክሩዝ የሚባል ጥናት ታተመ። ዋናው ደም መልስ ተዘግቶባቸው ማኩላቸው ያበጠ 392 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ሁለት ሦስተኛው ያህል በሁለት የተለያየ መጠን ተከፍለው በየወሩ ራኒቢዙማብ ተወጉ፤ ሌሎቹ የተወጉ ብቻ መሰላቸው። ከስድስት ወር በኋላ በዋናው መጠን ከታከሙት ከመቶ 48 ያህሉ በማንበቢያ ሰሌዳው ላይ ሦስት መሥመርና ከዚያ በላይ ጨመሩ፤ ካልታከሙት ከመቶ 17 ብቻ። ከዚያ በኋላ ያልታከሙትም መድኃኒቱን አገኙ። ዓመቱ ሲሞላ ከመጀመሪያው የታከሙት በአማካይ 14 ያህል ፊደላት ሲያተርፉ፣ ስድስት ወር ዘግይተው የጀመሩት ያተረፉት 7 ገደማ ነው። መድኃኒቱ ያው ነው። ከመቆየት በቀር ሌላ ልዩነት አልነበረም።

የኔታ የቆዩት ሦስት ወር ስለሆነና የተዘጋባቸውም ቅርንጫፍ ስለሆነ ዕድል አልከዳቸውም። ተወግተው የጎበጠው መሥመር ተቃንቷል፤ ፍጹም አልሆነም፤ ዳዊታቸውን ግን በቀኙም ያነባሉ።

ሁሉም እንደሳቸው አይታከምም፤ እዚህ ላይ ሰውን ብቻ መውቀስ አልችልም። መድኃኒቱ እብጠቱን ያደርቃል እንጂ መዘጋቱን አይፈታም፤ ስለዚህ ኃይሉ ሲያልቅ ፈሳሹ ሊመለስ ይችላል። መጀመሪያ ላይ በየወሩ መወጋት ያስፈልጋል፤ ኋላ እየተራራቀ ይሄዳል። የሬቲና ሐኪምና መሣሪያ በየወረዳው የለም። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከ ባሕር ዳርም ከ250 ያልፋል። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ገጠር ተነሥቶ በየወሩ የሚመላለስ ገበሬ ትራንስፖርቱን፣ ማደሪያውን፣ አብሮት የሚሄደውን ሰው ስንቅ ያስባል። አጨዳ ሲደርስ ይቀራል። አንድ መርፌ ተወግቶ ሲሻለው «ድኛለሁ» ይላል፤ ሲመለስበት ደግሞ «መርፌው አልሠራም» ይላል። ይህን ቀድመን፣ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ከነወጪው ካልነገርነው ጥፋቱ የእኛ የሐኪሞች ነው። ሰውየው በአንድ ጉዞ ሁለት ጉዳይ እንዲጨርስ ቀጠሮውን ከገበያው ቀን ጋር ማስማማት እንኳ ይረዳል፤ እኔ ጋር እንዲህ የሚደረግላቸው አሉ።

አሁን ስለ ሕመም። ዋናው ደም መልስ ክፉኛ ተዘግቶ ሬቲናው ብዙ ኦክስጅን ካጣ፣ ያ ፕሮቲን ወደ ዓይን ፊት ድረስ ይደርስና በባለ ቀለሙ ክብ ላይ አዳዲስ የደም ሥሮች ያበቅላል። እነሱ የዓይን ውኃ የሚወጣበትን ማዕዘን ይዘጉታል፤ የዓይን ግፊት ይወጣል። ብዙ ጊዜ በሦስት ወር ገደማ ስለሚከሰት ሐኪሞች የመቶ ቀን ግላኮማ ይሉታል። እሱ ያማል። ሌሊት እያቃሰቱ፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ በሰው ተደግፈው የሚመጡት ያኔ ነው። አላመመኝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ሲያመው የሚመጣው የማየቱ ጉዳይ ካከተመ በኋላ ነው፤ ለእኛ የሚቀረን ሥቃዩን ማስታገስ ብቻ ይሆናል። ቀድሞ ከመጣ በሌዘር ልንከላከለው እንችል ነበር።

ደግሞ ዓይን ውስጥ ሥር የደነደነበት ሰው አንጎሉና ልቡም ውስጥ ያለው ያው ሥር ነው። ስለዚህ ይህ በሽታ የተገኘበት ሰው ከዓይን ክፍል ወጥቶ ቀጥታ ወደ ቤቱ አይሂድ፤ ግፊቱን፣ ስኳሩን፣ የደም ቅባቱን ይመርመር። ዓይኑ ቀድሞ የተናገረው ለስትሮክም ሊሆን ይችላል።

በቤታችሁ የምታደርጉት አንድ ነገር አለ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለት ዓይን ሲኖር ደኅናው የታመመውን ይሸፍናል፤ ብዙ ሰው አንድ ዓይኑ መድከሙን የሚያውቀው በአጋጣሚ ሌላውን ሲያሽ ነው። ስለዚህ አንዱን ዓይን በእጅ መዳፍ፣ ሳይጫኑ፣ ሸፍኖ የበሩን መቃን ማየት። ከዚያ ሌላውን። መቃኑ በአንዱ ቀጥ ብሎ በሌላው ከጎበጠ፣ ወይም መሃሉ ከደበዘዘ፣ ጉዳይ አለ። መነጽር የምታደርጉ ከነመነጽራችሁ። ዕድሜው የገፋ፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው እሑድ እሑድ ቡና እስኪፈላ ይህን ቢያደርግ ምንም አይጎዳም።

በመጨረሻ ለእናንተ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በጤና ጣቢያ ለምትሠሩ። ዓይን ታሞ የመጣ ሁሉ ቴትራሳይክሊን ቅባት ይዞ እንደሚመለስ አያለሁ። ለትራኮማ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ምንም አያደርግም፤ ጊዜ ግን ይበላል። ልዩነቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፤ በድንገት ነው ወይስ ቀስ ብሎ? በአንድ ዓይን ነው ወይስ በሁለቱም? ያማል ወይስ አያምም? በድንገት፣ በአንድ ዓይን፣ ያለ ሕመም ከሆነ ሞራ ብላችሁ ዘመቻ መጠበቂያ መዝገብ ላይ አታስፍሩት። የሪፈር ወረቀቱ ላይ «ዓይን አሞታል» ብላችሁ አትጻፉ፤ በየትኛው ዓይን እንደሆነ፣ ማየቱ የቀነሰበትን ቀን፣ የዚያን ዕለቱን የደም ግፊት ልክና የሚወስደውን ክኒን ስም ጻፉ። ቀኑን ካላወቀው በበዓል ጠይቁት፤ ከመስቀል በፊት ነው በኋላ፣ ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ በሉት፤ ያስታውሳል። እኛም ጋር ወረቀቱ ሲደርስ ሰውየውን ከሞራው ሰልፍ አውጥተን በዚያው ቀን ብሌኑን እናሰፋለን።